የሚጮኸው አሸዋ፦ በአትላንቲክ ዳር የጠፋ ቀለበት

ባሕር በሌለበት አገር ተቀምጦ ስለ ባሕር ዳርቻ ማንበብ ምን ይጠቅመኛል ይሉ ይሆናል። ዳሩ ግን ከከተማ ቤተሰቦቻችን መካከል በባሕር ማዶ ልጅ፣ እኅት ወይም የአክስት ልጅ ያላቸው ብዙዎች ናቸው። እኛ በሐምሌ ዝናብ ጃንጥላ ስንዘረጋ በእነርሱ አገር ፀሐይ ነውና ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ውሃ ዳር ይወርዳሉ። ከሚወርዱትም መካከል ቀለበቱን፣ ሐብሉን ወይም ጉትቻውን በአሸዋ ውስጥ ጥሎ የሚመለስ አይጠፋም። በዛሬው የቤተሰብ ገጻችን ወደ አንድ የአሜሪካ ባሕር ዳርቻ ይዤዎት ልሂድ። መንገዱንና ከተማውን ካሳየሁዎት በኋላ፣ በአሸዋ ውስጥ የጠፋ ወርቅ ስለሚፈለግበት ብረት ጠቋሚ መሣሪያ፣ መሣሪያውም ያለ ምክንያት የሚጮህ ሲመስል ምክንያቱ እንዴት እንደሚገኝ አጫውትዎታለሁ።

ወደ ውሃው የሚወስደው መንገድ

ከተማው ኦሽን ሲቲ ይባላል፤ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ይገኛል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን ዲሲና ከአካባቢው በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል፤ ርቀቱም 240 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በመንገዱ ላይ የቼሳፒክን የባሕር ወሽመጥ የሚያሻግሩ ሁለት ጎን ለጎን የቆሙ ድልድዮች አሉ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1952፣ ሁለተኛው በ1973 የተከፈቱ ሲሆን ርዝመታቸው 7 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከፍታ የሚያስፈራዎት ከሆነ መሐል ላይ ሲደርሱ ዓይንዎን ከመስኮቱ ማንሣትዎ አይቀርም።

ከድልድዩ ወዲያ አገሩ ሜዳ ነው። የበቆሎ እርሻ፣ ረጃጅም የዶሮ ማርቢያ ቤቶች፣ በመንገድ ዳር ቲማቲምና ሐብሐብ የሚሸጡ ገበሬዎች ይታያሉ። መንገዱ 50 ቁጥር አውራ ጎዳና ነው፤ የአሜሪካን ምድር ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ያቋርጣል። ከኦሽን ሲቲ በሚወጡበት በኩል የቆመ አንድ ሰሌዳ የመንገዱ ሌላ ጫፍ የሆነው የሳክራሜንቶ ከተማ 3,073 ማይል እንደሚርቅ ይናገራል፤ ይህም ወደ 5 ሺህ ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው።

ከተማው የተሠራው በቀጭን የአሸዋ ደሴት ላይ ነው። በአንድ ወገን ውቅያኖሱ ይነጉዳል፤ በሌላው ወገን ጸጥ ያለ ወሽመጥ ተኝቷል። የመዋኛው ዳርቻ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በደቡቡ ክፍል ደግሞ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ የእንጨት መንገድ አለ፤ በዳርና ዳሩ የተጠበሰ ድንች የሚሸጡ ሱቆች፣ የልጆች መጫወቻዎችና ከሩቅ የሚታይ ትልቅ የሚሽከረከር መንኮራኩር ይገኛሉ። ማታ ማታ መብራቱ የዓመት በዓል ገበያ ያስመስለዋል።

አሸዋው ግን ቋሚ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1933 የተነሣ ከባድ ማዕበል ደሴቱን ከሁለት ቆርጦ የባቡር ድልድዩን ይዞት ሄደ። ኦሽን ሲቲ በሰሜኑ ቁራጭ ላይ ቀረች፤ የደቡቡ ቁራጭ አሳቲግ ይባላል። በመካከላቸው የተከፈተው የውሃ በርም ዛሬ ጀልባዎች የሚመላለሱበት ሆኗል። ባሕሩ ዳርቻውን ያለማቋረጥ ስለሚበላው ከ1988 ጀምሮ በየጥቂት ዓመቱ ከባሕር ወለል አሸዋ እየተመጠጠ ወደ ዳር ይደፋል። እንግዲህ እዚያ የሚረግጡት አሸዋ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውሃ ሥር የነበረ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ የወደቀ ዕቃ በወደቀበት ቦታ ላይ ብዙ ቀን ይጠብቀኛል ብሎ መተማመን አይቻልም።

የእናታችን ቀለበት

ታላቅ እኅቴ በሜሪላንድ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት በፈረቃ የምትሠራ የሁለት ልጆች እናት ናት። በዓመት አንዴ ሁለትና ሦስት ቀን ዕረፍት ስታገኝ ልጆቿን ወደ ኦሽን ሲቲ ትወስዳለች፤ እኔም ልጠይቃት በሄድሁ ጊዜ አብሬያቸው ወረድሁ። በጣቷ ላይ የነበረው የወርቅ ቀለበት እናታችን በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ስትሸኛት ከራሷ ጣት አውልቃ ያጠለቀችላት ነው። ሚዛን ላይ ቢወጣ ብዙ ግራም የለውም። እናታችን ግን ዛሬ በሕይወት የለችም፤ ከእርሷ እጅ ወደ እኅቴ እጅ በቀጥታ የተላለፈ ሌላ ዕቃም የለም።

ከቀኑ 10 ሰዓት ግድም ባሕሩ ወደ ኋላ እየሸሸ ነበር። እኅቴ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለትንሿ ልጇ ቀብታ፣ በዚያው በቅባታም እጇ እርጥቡን አሸዋ እየቆፈረች ከልጅቱ ጋር ቤት ትሠራለች። ወርቅ ከጣት የሚወልቀው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ቅባቱ ያሙለጨልጫል፤ ቀዝቃዛው ውሃ ደግሞ ጣትን ያኮማትራል። ዕቃ ስንሰበስብ እጇን አየችና ቆመች። እስኪጨልም በእጃችን አሸዋ ስናጣራ አመሸን፤ ቀለበቱ የለም።

በዚያ መሐል አንድ ቁም ነገር የሠራው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ ነው። እኛ ስንርበተበት እርሱ በእንጨት መንገዱ ላይ ያለውን አንድ የመብራት ምሰሶ ለይቶ፣ ከምሰሶው እስከ ተቀመጥንበት ቦታ በእርምጃ ቆጥሮ ቁጥሩን ጻፈ። ሌሊቱን ባሕሩ ሞልቶ ምልክት ሁሉ እንደሚያጠፋ ሰምቶ ነበርና።

ካረፍንበት ቤት አጠገብ አንድ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያርፉ ነበር። በየማለዳው ብረት ጠቋሚያቸውን ይዘው በዳርቻው ሲመላለሱ አይተናቸዋል። እኅቴ ሄዳ ብትነግራቸው፣ «ባሕሩ በጣም የሚጎድለው ከጠዋቱ 12 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ያኔ እንወርዳለን» አሏት።

መሣሪያው የሚያውቀውና የማያውቀው

ብረት ጠቋሚ ወይም ሜታል ዲቴክተር ለእርስዎ እንግዳ አይደለም። በሆቴልና በትልልቅ ሕንፃዎች በር ላይ ጥበቃዎች በቦርሳዎ ዙሪያ የሚያዞሩት አጭር ዱላ የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። የባሕር ዳሩ ረዘም ይላል፦ በላዩ መያዣና የመቆጣጠሪያ ሣጥን፣ በታቹ የሰሐን ቅርጽ ያለው ክብ ነገር አለው። በሰሐኑ ውስጥ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሏል። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት በዙሪያው መግነጢሳዊ ኃይል ይዘረጋል። ይህ ኃይል ወርቅ፣ ብር፣ መዳብ ወይም ቆርቆሮ ሲያገኝ በዕቃው ውስጥ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ጅረቶችን ያስነሣል፤ እነዚህም በፋንታቸው ደካማ መልስ ይልካሉ። መሣሪያው ያንን መልስ ወደ ድምፅ ለውጦ በጆሮ ማዳመጫው ያሰማዎታል።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። መሣሪያው ወርቅን በስሙ አያውቀውም፤ የሚያውቀው ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ነገር መኖሩን ነው። የውቅያኖስ ውሃ በአንድ ሊትር ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ስላለው ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። በጨው ውሃ የራሰ ዳርቻም ለመሣሪያው ከዳር እስከ ዳር እንደተዘረጋ ቀጭን ቆርቆሮ ይሆንበታል። ሰሐኑ ትንሽ ከፍ ዝቅ ባለ ወይም አሸዋው ትንሽ ረጠብ ደረቅ ባለ ቁጥር መልሱ ይለዋወጣል፤ መሣሪያውም ይለፈልፋል።

ችግሩ ከመሣሪያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው ለማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በዋሽንግተን የባቡር ጣቢያ በጥይት ሲመቱ፣ ሐኪሞቹ ጥይቱ በሰውነታቸው ውስጥ የት እንደተቀበረ ሊያገኙት አልቻሉም። በቴሌፎን ፈጠራው የሚታወቀው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ብረት ጠቋሚ ሠርቶ ወደ ዋይት ሀውስ ይዞ ገባ። በመጀመሪያው ሙከራ ከመሣሪያው ክፍሎች አንዱ ተዛብቶ ተያይዞ ስለነበረ ድምፁ ተበላሸ። በሁለተኛው ሙከራ መሣሪያው ሰፊ ቦታ ላይ ደካማ ድምፅ ሰጠ፤ ቆይቶ እንደታወቀው ፕሬዚዳንቱ ከተኙበት ፍራሽ ሥር ሌላ ከብረት ሽቦ የተሠራ ፍራሽ ነበረ። በዚያ ላይ ሐኪሙ ፍለጋው በቀኝ ጎናቸው ብቻ እንዲሆን አድርገው ነበር፤ ጥይቱ ግን በግራ በኩል ነበር። ፕሬዚዳንቱ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር አረፉ። መሣሪያው አልዋሸም፤ ከሥሩ ያለውን ተናግሯል። የጎደለው «ይህ ድምፅ ከየት መጣ?» ብሎ በጊዜው የሚጠይቅ ሰው ነው።

ጩኸቱ ከየት ነው?

በማግሥቱ ማለዳ ወደ አሸዋው ስንወርድ መሣሪያው ገና ከእንጨት መንገዱ ሥር ሳለን ያንጫርር ጀመር። ወደ ውሃው ስንቀርብም ባሰበት። እኅቴ ተስፋ ቆርጣ፣ «ይሄ ተበላሽቷል፤ ሁሉም ቦታ ወርቅ ነው የሚለው» አለች። አዛውንቱ ግን አልተደናገጡም። ጩኸት ከሦስት ቦታ ይመጣል አሉን፦ ከአየር፣ ከመሬት፣ ወይም ከራሱ ከመሣሪያውና ከያዘው ሰው። ሦስቱን በየተራ መለየት እንጂ ቁልፉን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማዟዟር እንደማይጠቅምም ነገሩን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የእኛው አባባል ትዝ አለኝ።

የመጀመሪያው ፈተና የአየር ነው። ሰሐኑን ከመሬት አንሥተው፣ ከሰውነትዎ አርቀው ሳያንቀሳቅሱ ይያዙት። እንዲህም ሆኖ የሚጮህ ከሆነ አሸዋው የለበትም። በአቅራቢያ ያለ የኤሌክትሪክ መስመር፣ መብራት፣ የመጫወቻ ማሽን፣ ሌላ ሰው የያዘው ብረት ጠቋሚ፣ ወይም በኪስዎ ያለው የእጅ ስልክ ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ ከጥፋተኞቹ አንዱ የእኅቴ ስልክ ሆኖ ተገኘ። ስልኩ ጠፍቶ ቦርሳ ውስጥ ሲገባ፣ ከእንጨት መንገዱ መብራቶችም ራቅ ስንል ልፍለፋው በግማሽ ቀነሰ። መሣሪያዎ የሚሠራበትን ሞገድ ጥቂት ፈቀቅ የሚያደርግ ቁልፍ ካለው ያን ይጠቀሙ። ሌላ ፈላጊ በአቅራቢያዎ ካለም ተነጋግረው ይራራቁ።

ሁለተኛው ፈተና የመሬት ነው። ሰሐኑ በአየር ላይ ዝም ብሎ መሬት ሲነካ ከጮኸ፣ መጀመሪያ ወደ ደረቁ አሸዋ ይሂዱ። በደረቁ ላይ ረጋ ብሎ በእርጥቡ ላይ የሚያብድ ከሆነ ምክንያቱ ጨው ነው። በደረቁም ላይ የሚያስቸግር ከሆነ ጥቁር ጥቁር መስመር ያለበት ቦታ ላይ ቆመው እንደሆነ ይመልከቱ። ማዕበል ቀላሉን አሸዋ ጠርጎ ከባዱን ሲተው ብረት ያለበት ጥቁር አሸዋ ይቀራል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ማግኔት በላስቲክ ጠቅልለው አሸዋው ውስጥ ይክተቱት፤ ጥቁሩ አቧራ እንደ ጢም ከተለጠፈበት መልሱ ተገኘ።

መድኃኒቱም እንደ በሽታው ነው። ለጨው የመሣሪያውን የመስማት ኃይል ቀነስ ያደርጉታል። አንድ ጊዜ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ያዳምጣሉ፤ ካልበቃ እንደገና ጥቂት ዝቅ ያደርጋሉ፤ ልፍለፋው የሚቆምበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ። ከዚያ ምንም ብረት የሌለበት እርጥብ አሸዋ መርጠው ሰሐኑን ከላዩ ከፍ ዝቅ እያደረጉ መሣሪያውን ከመሬቱ ጋር ያላምዱታል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ለዚህ የተለየ ቁልፍ አላቸው። በአንድ ሞገድ ብቻ የሚሠሩ ርካሽ ወይም የቆዩ መሣሪያዎች ከጨው ወይም ከጥቁር አሸዋ ከአንዱ ጋር ሊስማሙ ይችላሉ፤ ሁለቱ በአንድነት ሲመጡባቸው ግን ይቸገራሉ። በብዙ ሞገድ በአንድ ጊዜ የሚሠሩት፣ እንዲሁም ኃይላቸውን በምት በምት የሚልኩት ለባሕር ዳር የተሻሉ ናቸው። የአዛውንቱ መሣሪያ የቆየ ባለ አንድ ሞገድ ነበር። ኃይሉን ሲቀንሱ እኅቴ፣ «እንዲህ ከሆነ ወደ ጥልቁ አያይም» ብላ ፈራች። እርሳቸውም ሣቅ ብለው፣ «ትናንት የወደቀ ቀለበት እስካሁን ምን ያህል ይጠልቃል? እኛ የምንፈልገው የመቶ ዓመት ሣንቲም አይደለም» አሏት።

አረማመድም ዋጋ አለው። ከውሃው ወደ ደረቁ፣ ከደረቁ ወደ ውሃው እየተመላለሱ ከፈለጉ እርጥበቱ በየእርምጃው ስለሚለዋወጥ መሣሪያው አያርፍም። ከውሃው ጠርዝ ጋር ትይዩ ሆነው ይሂዱ። ሰሐኑን ከአሸዋው እኩል ከፍታ ላይ ያድርጉት፤ እንደ ማጭድ በሁለቱ ዳር ወደ ላይ አያንሡት፤ አዲሱ ውዝዋዜ ያለፈውን ጥቂት እየደረበ ይለፍ። ሞገድ እግርዎ ሥር ሲገባና ሲወጣ የሚሰማውን ጩኸት ደግሞ አይመኑት፤ ውሃው እስኪመለስ ይጠብቁ።

ሦስተኛው ፈተና የራስ ነው። ሰሐኑን መሬት ላይ አሳርፈው ገመዱን በእጅዎ ነካ ነካ ያድርጉት። ያን ጊዜ ከጮኸ ገመዱ ላልቷል ወይም መሰኪያው ላይ ጨው ገብቷል። ገመዱ በዘንጉ ላይ ጠበቅ ብሎ መጠምጠም አለበት፤ በሰሐኑ አጠገብ የሚወዛወዝ ገመድ ራሱ እንደ ዕቃ ይሰማልና። በሰሐኑና በሽፋኑ መካከል የተጠራቀመ እርጥብ አሸዋም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሽፋኑን አውልቆ ማጠብ ነው። ድንጋዩ የደከመ ባትሪ ድምፁን ያዛባል። የብረት ቀለበት ያለው የጫማ ማሠሪያ፣ የአሸዋ መዛቂያ አካፋ፣ አሸዋ በሚፈትሸው እጅ ላይ ያለ ቀለበትና አምባር ሁሉም «እኔ ነኝ» ይላሉ። እኛ ባዶ እግራችንን ሆንን፤ አካፋውም ከኋላ በልጁ እጅ ይመጣ ጀመር።

ዝምታውም ያሳስታል

ዝም አይነቅዝም ይባላል። በዚህ ሥራ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ ይህን በደንብ እንዲያዩት እፈልጋለሁ። በመሣሪያው ላይ የዕቃ ዓይነት የሚለይ ሌላ ቁልፍ አለ፤ ሚስማር፣ የጣሳ መክፈቻ ቀለበት፣ የምግብ መጠቅለያ የአሉሚኒየም ወረቀት ሲያገኝ ዝም እንዲል ያደርጋል። በቆሻሻ የተሰላቸ ሰው ፈጥኖ የሚዞረው ወደዚያ ቁልፍ ነው። ልፍለፋው ይቆማል፤ ጆሮ ያርፋል። ነገር ግን ትንሽ የወርቅ ቀለበት ለመሣሪያው የሚሰጠው መልስ ከጣሳ መክፈቻና ከአሉሚኒየም ወረቀት መልስ ጋር በጣም ይቀራረባል። ቀጭን የወርቅ ሐብል እንዲያውም ጨው ራሱ ወደሚሰጠው መልስ ይጠጋል። ስለዚህ ቆሻሻውን ሁሉ ዝም ያሰኘ ሰው ወርቁንም ዝም አሰኝቶታል፤ በላዩ ላይ አልፎ ይሄዳል፤ «የለም» ብሎም ወደ ቤቱ ይመለሳል።

እንግዲያው ከልፍለፋ መካከል እውነተኛውን ድምፅ በምን ይለዩታል? በመደጋገሙ ነው። የጨው ድምፅ ሰፊና ወላዋይ ነው፤ አንዴ ተሰምቶ ሲመለሱበት ይጠፋል፤ ወይም ከቦታ ቦታ ይሸሻል። የዕቃ ድምፅ ግን ከግራ ሲመጡም ከቀኝ ሲመጡም በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ ይሰማል። ዞረው ከሌላ አቅጣጫ ቢያቋርጡትም እዚያው ይጠብቅዎታል። ሰሐኑን ቀስ ብለው ከፍ ሲያደርጉት በአንድ ጊዜ አይቆረጥም፤ እየራቀ እንደሚሄድ ድምፅ ይደክማል። እንዲህ ያለውን ድምፅ የቆሻሻ ቢመስልም ይቆፍሩታል።

እኛም እንዲሁ አደረግን። ልጁ የጻፈውን ቁጥር ይዞ ከመብራት ምሰሶው በእርምጃ ቆጠረ፤ በደረሰበት ቦታ ዙሪያ በእግሩ ሰፊ አራት ማዕዘን ሠራ። እኅቴ መሣሪያውን ይዛ ከውሃው ጋር ትይዩ እየሄደች እርሻ እንደሚታረስ ትልም በትልም ታልፍ ጀመር። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። ስድስት የጣሳ መክፈቻ፣ የተጨማደደ የአሉሚኒየም ወረቀት፣ የአንድ ሕፃን የቆርቆሮ መኪናና ሁለት ሣንቲም ወጣ። በየጊዜው ልቧ ብድግ ይልና ይወድቅ ነበር። ሰባተኛውን የጣሳ ድምፅ ስትሰማ፣ «ይሄም ያው ነው» ብላ ልታልፈው ነበር። አዛውንቱ ግን፣ «ያው የሚመስለውን ነው የምንፈልገው» አሏት። ተመለሰች፤ ደገመው። ዞራ አቋረጠችው፤ አሁንም ደገመው። ልጁ አንድ አካፋ አሸዋ ዘቀና በእጁ ዘረገፈው።

ቀለበቱ በእርጥቡ አሸዋ መሐል ቢጫ ሆኖ ታየ። የጠለቀው ከአንድ ጋት አይበልጥም። እኅቴ ጣቷ ላይ አላጠለቀችውም፤ ለማለዳው ብርድ በትከሻዋ ላይ ጣል ባደረገችው ነጠላ ጫፍ ቋጠረችውና አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። ትንሿ ልጅ ብቻ የቆርቆሮ መኪናዋን ይዛ ለመንዳት ትሮጥ ነበር።

ከመፈለግዎ በፊት የሚጠየቅ ነገር

ብረት ጠቋሚ በሁሉም ቦታ አይፈቀድም። ከኦሽን ሲቲ ማዶ ያለው አሳቲግ ደሴት በዱር የሚኖሩ ፈረሶቹን ለማየት ብዙ ቤተሰብ የሚሄድበት ሥፍራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በብሔራዊ ደረጃ የተከለለ ዳርቻ ያለበት በመሆኑ፣ በዚያ ክልል በመሣሪያ መፈለግ የተከለከለ ነው። በሌሎቹም የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች እንዲሁ ነው። በእስራኤል የሚኖሩ ዘመዶች ያሉዎት እንደሆነም፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የቅርሳ ቅርስ ሕግ ያለ ፈቃድ በብረት ጠቋሚ ጥንታዊ ዕቃ መፈለግን እንደሚከለክል ይንገሯቸው። በማናቸውም ከተማ ቢሆን የአካባቢውን ደንብ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በኦሽን ሲቲ በበጋው ወራት የዋና ጠባቂዎች ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በየማማቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ ሕዝቡ የሚበዛውም ያኔ ነው። ለፍለጋ የሚመቸው ማለዳው ነው።

የቆፈሩትን ጉድጓድ መልሰው ይድፈኑ፤ በሩጫ ላይ ያለ ሕፃን እግሩን እንዳይሰብርበት። ያወጡትን ቆሻሻ መልሰው አይጣሉት። ስም የተቀረጸበት ወይም ባለቤቱ ሊታወቅ የሚችል ጌጥ ካገኙ ለፖሊስ ያስረክቡ፤ እርስዎ የእናትዎን ቀለበት እንደሚፈልጉ ሁሉ ሌላዋም ትፈልጋለችና። ፍለጋው ሲያበቃ ሰሐኑንና ዘንጉን በንጹሕ ውሃ ያጥቡ። የመቆጣጠሪያ ሣጥኑን ግን ውሃ የማያስገባ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይንከሩት፤ በብዙዎቹ ውሃ የሚችለው ሰሐኑ ብቻ ነው።

ለእናቶች

ከሁሉ የሚሻለው ግን ፍለጋው ባይኖር ነው። ወደ ውሃ ከመውረድዎ በፊት፣ ቅባቱም እጅዎን ሳይነካ፣ ወርቅዎን አውልቀው በቤት ይተዉት፤ ወይም ዚፕ ባለው ኪስ ውስጥ ይቆልፉበት። ይህ ለባሕር ብቻ አይደለም፤ በላንጋኖ ዳርም ሆነ በመዋኛ ገንዳ ያው ነው። ሽንኩርት ከተላጠበትና ልብስ ከታጠበበት ውሃ ጋር ስንት ቀለበት እንደፈሰሰ እርስዎም ያውቁታል።

ከጠፋም በመጀመሪያ ማንም ከቦታው እንዳይነቃነቅ ያድርጉ፤ የብዙ ሰው እግር ዕቃውን ወደ ውስጥ ይረግጠዋል። ቀጥሎ ማዕበል የማይወስደውን ቋሚ ምልክት ይያዙ፦ ምሰሶ፣ ሕንፃ፣ የጥበቃ ማማ። ከዚያ ቦታ እስከ እርስዎ ያለውን እርምጃ ቆጥረው ይጻፉ። ሰዓቱንም ይመዝግቡ። በዚያ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጎድላል፤ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ስድስት ሰዓት ያህል አለ። የሚጎድልበትን ጊዜ ካወቁ መቼ መመለስ እንዳለብዎ ያውቃሉ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሠራው ሥራ ይኸው ነበር፤ ያለ እርሱ ቁጥር መሣሪያው በ16 ኪሎ ሜትር አሸዋ ላይ የት ሊጀምር ኖሯል?

መሣሪያ ለሌለዎት ደግሞ የአዛውንቱ ዘዴ በቤትዎም ያገለግላል። ምድጃው ሲያጨስ፣ ሬዲዮው ሲንጫረር፣ ሕፃኑ ሌሊት ሲያለቅስ፣ እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ዝም ወደሚያሰኘው ነገር ነው። ዝም ከማሰኘትዎ በፊት ግን ከውጭ ነው? ከሥሩ ነው? ወይስ ከራሱ ነው? ብለው በየተራ ይጠይቁ፤ በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። ያው ድምፅ ሲደጋገም ካገኙት፣ የቆሻሻ ቢመስልዎትም፣ ጎንበስ ብለው ይቆፍሩ።